እንደራሴው ሁሉንም እንዳይበላ፦ በፍሪሲቭ ሞድ ውስጥ የመሳፍንቱን መንግሥታት መመዘን

የሞዳችንን፣ ማለትም በፍሪሲቭ የኮምፒውተር ጨዋታ ሕጎች ላይ የሠራነውን ለውጥ፣ የመጀመሪያ ሙከራ ያደረግነው ደሴ ነው፣ ፒያሳ አካባቢ ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ፤ ሦስት ላፕቶፕ፣ አንድ ኤክስቴንሽን፣ እናቴ ያፈላችው ቡና። እኔ የወሎውን ወረ ሂመኖ ያዝኩ። የአክስቴ ልጅ ሸዋን ወሰደች። ከወልዲያ የመጣው ጓደኛችን መቼም ከየጁ ሌላ አይነካም፤ የደብረ ታቦሩን ራስ ያዘ። አቦሉ ተጠጥቶ ቶናው ሳይቀዳ የእኔ ፈረሰኛ ደብረ ታቦር ገባ፤ በረካው ሲደርስ ጎንደርም የእኔ ሆነች። የወልዲያው ልጅ ላፕቶፑን ከደነና «ወንድሜ፣ ይኼ ታሪክ አይደለም፤ ያንተ ምኞት ነው» አለኝ።

አልዋሸም። ለወረ ሂመኖው ኢማም መንግሥት ርካሽ ፈረሰኛ፣ ጥሩ ግብር፣ ታዛዥ ሕዝብ ሰጥቼዋለሁ፤ የሚያስከፍለው ነገር ግን አንድም አልጻፍኩበትም። ከዚያ ወዲህ ሞዱን ስንጠግን የያዝነው ደንብ ይህ ነው፦ መንግሥት ስትሠሩ አስቀድማችሁ ዕዳውን ጻፉ፤ ጉርሻው በኋላ ይደርሳል። ከዚህ በታች ያለው አሠራር በሙሉ ከዚህ ደንብ የወጣ ነው።

መሣሪያችን ፍሪሲቭ ነው፦ እ.ኤ.አ. በ1996 የዴንማርክ ተማሪዎች የለቀቁት፣ ዛሬም በነፃ የሚወርድ፣ ኮዱ ክፍት የሆነ የሥልጣኔ ጨዋታ። አሮጌ ላፕቶፕ ይሸከመዋል፣ አንዴ ከወረደ ኢንተርኔት አይጠይቅም፣ ሕጎቹም ተራ የጽሑፍ ፋይሎች ናቸው። የሞዳችን ዘመን ዘመነ መሳፍንት ነው፤ ራስ ሚካኤል ስሑል ዐፄ ኢዮአስን ካስገደሉበት ከ1761 ዓ.ም. አንሥቶ ደጃች ካሣ ቴዎድሮስ ተብለው እስከ ነገሡበት እስከ የካቲት 1847 ዓ.ም.። አራት መንግሥታት አሉት፦ የጎንደሩ ዘውድ፣ የደብረ ታቦሩ እንደራሴ፣ የወረ ሂመኖው ኢማም፣ የሸዋው ንጉሥ።

አንድ ማሳሰቢያ፦ የፋይልና የትእዛዝ ስሞችን እዚህ በፊደላችን የጻፍኳቸው ለንባብ ነው። በፋይሉ ውስጥ በላቲን ፊደል፣ ቃላቱም በእንግሊዝኛ አጻጻፋቸው መግባት አለባቸው።

1. ቅጂ ሥሩ፣ ዋናውን አትንኩ

በፍሪሲቭ የዳታ ማኅደር ውስጥ «ክላሲክ» የሚባለውን ፎልደር እንዳለ ቅዱና አዲስ ስም ስጡት። አጠገቡ ያለውንና በ«ሰርቭ» የሚያልቀውን ትንሽ ፋይልም ቅዱ፤ በውስጡ «ሩልሴትዲር» ከሚለው ቃል ቀጥሎ ያለውን ስም በአዲሱ ፎልደር ስም ቀይሩ። የምትሠሩባቸው ፋይሎች በዋናነት ሁለት ናቸው። «ገቨርንመንትስ» መንግሥታቱን በስም ይዘረዝራል፤ «ኢፌክትስ» እያንዳንዱ መንግሥት የሚሰጠውንና የሚነሣውን ይዟል። ጀማሪ ብዙ ጊዜ የመጀመሪያውን ፋይል ሲያገላብጥ ይውላል፣ ቁጥር ግን አያገኝም። ቁጥሩ ያለው ሁለተኛው ዘንድ ነው።

ፋይሎቹን በዩቲኤፍ ስምንት ሴቭ አድርጉ፤ ያለዚያ አማርኛው ወደ ጥያቄ ምልክት ይለወጣል።

2. ዕዳውን በወረቀት ጻፉ

ኮምፒውተሩን ዝጉና ደብተር አውጡ። ለእያንዳንዱ መንግሥት አንድ ጥያቄ ብቻ፦ «ይህ መንግሥት በምን ይወድቃል?» የእኛ መልስ ይህን ይመስል ነበር።

የጎንደሩ ዘውድ ክብር እንጂ ጦር የለውም። ዕዳው ወታደር ማቆየት አለመቻሉ ነው።

እንደራሴው የዚህ ተቃራኒ ነው። የየጁ ራሶች ደብረ ታቦር ተቀምጠው ንጉሥ ያነግሡ፣ ንጉሥ ያወርዱ ነበር፤ ራሳቸው ግን ዘውድ አልጫኑም። ጦሩ የራሳቸው ነው፣ ክብሩ የተበደሩት ነው። ዕዳቸውም ያ ብድር ነው።

ወረ ሂመኖን የገዙት መመዶች የኢማም ማዕረግ ነበራቸው፤ ፈረሰኛም አላቸው። ነገር ግን ሥልጣኑ በቤተሰብ ላይ የቆመ ስለሆነ ዕዳው የሚመጣው ከውስጥ ነው። በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን ወይዘሮ ወርቂትና ወይዘሮ መስታወት፣ ሁለቱም ለየልጆቻቸው መብት፣ አንዱን አገር ይሻሙ እንደነበር ማስታወስ ይበቃል።

ሸዋ ከአባት ወደ ልጅ እየወረደ ቆየ፤ ሣህለ ሥላሴም ራሳቸውን ንጉሥ አሰኙ። ዕዳው አዝጋሚነቱ ነው፤ ቶሎ ልስፋ ያለ ቀን ይደክማል።

ይህን ገጽ ግድግዳ ላይ ለጥፉት። በኋላ አንድ ሰው «ለእገሌ ትንሽ ጉርሻ እንጨምርለት» ሲል ጣታችሁን የምትቀስሩት ወደዚያ ነው።

3. ስምና ማዕረግ

ይህ ቀላሉ ነው። በ«ገቨርንመንትስ» ፋይል ውስጥ እያንዳንዱ መንግሥት የሚታይ ስም፣ የወንድ ገዢ ማዕረግና የሴት ገዢ ማዕረግ አለው። ለእንደራሴው «ራስ»፣ ለወረ ሂመኖ «ኢማም»፣ ለሴቷ «ወይዘሮ» ብለን ጻፍን። ወይዘሮ ወርቂት በ1857 ዓ.ም. ከመቅደላ ያመለጡትን ምኒልክን ተቀብለው ወደ ሸዋ ያሳለፉ፣ በዚያም ምክንያት በቴዎድሮስ እጅ የነበረ ልጃቸውን ያጡ ገዢ ናቸውና፣ የሴቷን ማዕረግ ባዶ መተው ነውር መሰለን።

አንድ ወጥመድ አለ። የሚታየውን ስም ብቻ በአማርኛ ለውጡ፤ «ሩልኔም» የሚባለው የውስጥ ስም በላቲን ይቆይ። የ«ኢፌክትስ» ፋይል መንግሥቱን የሚጠራው በዚያኛው ስም ነው።

4. የግብር ጣሪያ

«ማክስሬትስ» የሚባለው ቁጥር ገዢው ገቢውን ለግብር፣ ለሳይንስ ወይም ለቅንጦት ሲያከፋፍል ለአንዱ ሊመድብ የሚችለውን ከፍተኛ ድርሻ ይወስናል። በክላሲክ ሕግ ለዴስፖት 60፣ ለዘውዳዊ መንግሥት 70፣ ለሪፐብሊክ 80፣ ለዴሞክራሲ 90 ነው። ተጫዋቹ ድርሻውን የሚያንቀሳቅሰው በአሥር በአሥር ስለሆነ 65 ብሎ መጻፍ ትርፍ የለውም።

እኛ ለዘውዱ 50፣ ለኢማሙ 60፣ ለሸዋና ለእንደራሴው 70 አድርገናል። የእንደራሴው 70 ግን ቅድመ ሁኔታ አለው፤ ቁጥር 6 ላይ እንደርስበታለን።

5. የከተማ ብዛት፣ እውነተኛው ሚዛን ያለበት ቦታ

ጊዜ ካጠራችሁ ይህን ክፍል ብቻ ሥሩ። በእንዲህ ዓይነት ጨዋታ መንግሥት የሚያሸንፈው በጉርሻው ትልቅነት ሳይሆን ጉርሻው በስንት ከተማ እንደሚባዛ ነው። የእኔ ኢማም ያን ቀን የበላን በዚህ ነው። በየከተማው አራት ወታደር ያለ ቀለብ እንዲያቆይ ፈቅጄለት ነበር። በሦስት ከተማ ሲሆን አሥራ ሁለት ፈረሰኛ ነው፣ ይቻላል። በአሥር ከተማ አርባ ይሆናል፤ አርባ ነፃ ፈረሰኛ ያለው ሰው ደግሞ አሥራ አንደኛውን ከተማ ለመያዝ ማንንም አያስፈቅድም። በከተማ የሚቆጠር ጉርሻ እንደ አራጣ ራሱን ያበዛል።

መቆጣጠሪያው ሁለት ቁጥር ነው፦ «ኢምፓየር ሳይዝ ቤዝ» እና «ኢምፓየር ሳይዝ ስቴፕ»። የመጀመሪያው መነሻ ነው። ከተሞቻችሁ ከዚያ ሲያልፉ በእያንዳንዱ ከተማ አንድ ተጨማሪ ሰው ያኮርፋል። ሁለተኛው እርምጃ ነው፤ ከዚያ በኋላ ስንት ከተማ ሲጨመር ሌላ አንድ ሰው እንደሚያኮርፍ ይነግራል።

በምሳሌ እንየው። ለሸዋ መነሻ 8፣ እርምጃ 6 እንስጥ። በዘጠነኛው ከተማ አንድ ሰው ያኮርፋል፣ በአሥራ አምስተኛው ሁለት፣ በሃያ አንደኛው ሦስት። ለእንደራሴው መነሻ 12፣ እርምጃ 3 እንስጥ። እስከ አሥራ ሁለት ከተማ ማንም አያኮርፍበትም፤ በአሥራ ሦስተኛው አንድ፣ በአሥራ ስድስተኛው ሁለት፣ በአሥራ ዘጠነኛው ሦስት። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። ከዘጠኝ እስከ አሥራ ሁለት ከተማ ድረስ እንደራሴው ይበልጣል፤ አሥራ ዘጠኝ ሲደርስ ሸዋ ገና ሁለት ላይ ነው። አንዱ ቶሎ ይሰፋና ይናጋል፣ ሌላው ቀስ ብሎ ይከርማል። ምንም ጉርሻ ሳንጨምር ሁለት የተለያየ ጠባይ ያላቸው መንግሥታት አገኘን።

ለኢማሙ መነሻ 7፣ እርምጃ 3 ሰጠነው፤ ነፃ ወታደሩንም በየከተማው ወደ ሁለት አወረድነው። እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው ያወረድኩት፣ ወሎዬ ነኝና። ነገር ግን ከዚያ በኋላ ወረ ሂመኖ በትክክል መምሰል ያለበትን መሰለ፦ በቅርቡ የሚፈራ፣ ሲርቅ የሚሳሳ። ይህን ለማጠናከር «አውትፑት ዌስት ባይ ዲስታንስ» የሚለውን ቁጥር ለኢማሙ ከሌሎቹ ከፍ አድርጉ። ከዋና ከተማው የራቀ ከተማ ንግዱ በመንገድ ይባክናል ማለት ነው። የጨዋታው ፍርድ ቤት ብክነቱን ስለሚቀንስ ተጫዋቹ መላ አያጣም፤ እኛ ሕንፃውን «ችሎት» ብለነዋል።

ጥንቃቄ፦ እነዚህ ቁጥሮች ድምር ናቸው። በፋይሉ ውስጥ ለሁሉም መንግሥት የሚሠራ መነሻ ቁጥር አስቀድሞ ተጽፎ ሊሆን ይችላል፤ የእናንተ ቁጥር ይደመርበታል እንጂ አይተካውም። እኔ ይህን ሳላውቅ 8 ጽፌ፣ ሕዝቡ ለምን አያኮርፍም ብዬ ሁለት ሌሊት ተቀምጫለሁ። ቃሉን በሙሉ ፋይሉ ውስጥ ፈልጉና የሚመለከተውን ሁሉ ደምሩ።

6. ዘውዱን ወንደር አድርጉት

እንደራሴ የሚባለውን ነገር ጨዋታው በተፈጥሮው አያውቀውም። ለፍሪሲቭ አንድ ሕዝብ አንድ ገዢ ነው ያለው፤ ሌላውን አንግሦ ከጀርባው የሚገዛ ሰው የለም። ብዙ ካወጣን ካወረድን በኋላ ያገኘነው መላ እንዲህ ነው።

«የጎንደር ዘውድ» የሚባል ወንደር፣ በጨዋታው ሁሉ አንድ ብቻ የሚኖር ልዩ ሕንፃ፣ ሥሩና ካርታው ሲጀመር ጎንደር ውስጥ አኑሩት። ወንደር ያለባት ከተማ ስትያዝ ወንደሩም ወደያዛት ያልፋል። ቀጥሎ በ«ኢፌክትስ» ፋይል ለእንደራሴው መንግሥት ሁለት ዓይነት መስመር ጻፉ። የመጀመሪያው ለመንግሥቱ ብቻ የሚሠራ ነው፦ የግብር ጣሪያ 50። ሁለተኛው ሁለት ሁኔታ ይጠይቃል፤ መንግሥቱ እንደራሴ መሆን አለበት፣ ደግሞም «የጎንደር ዘውድ» የሚባለው ሕንፃ በተጫዋቹ እጅ መኖር አለበት። ሁለቱም ሲሟሉ 20 ይጨመራል፣ ጣሪያው 70 ይሆናል። የሕንፃው ሁኔታ ስፋት «ሲቲ» ሳይሆን «ፕሌየር» ይሁን፤ ያለዚያ ጉርሻው ከጎንደር አይወጣም። እንዲህ ያለ ሰፊ ሁኔታ የሚሠራው ለወንደር ነው፣ ለተራ ሕንፃ አትሞክሩት።

ከዚያ በኋላ የሆነው ያላሰብነው ነው። የየጁ ተጫዋች ጦሩን ከድንበር እየሳበ ጎንደርን መጠበቅ ጀመረ። ሌሎቹ ደግሞ ደብረ ታቦርን ትተው ዘውዱን ማነጣጠር ያዙ። ጎንደርን የያዘ ሁሉ ግን አይጠቀምም፤ ኢማም ሆኖ ዘውዱን ቢማርክ በእጁ ያለው ጌጥ ነው፣ ወይ መንግሥቱን ወደ እንደራሴነት ይለውጥ። ለውጡም በነፃ አይደለም፤ «ሬቮለን» የሚባለው የሰርቨር ቅንብር በመካከል ስንት ተራ በሥርዓት አልበኝነት እንደሚያልፍ ይወስናል። እኛ 4 አድርገነዋል። 1 ስናደርገው ሰው መንግሥትን እንደ ነጠላ አውልቆ ይለብስ ነበር።

7. ዋና ከተማ ስትወድቅ

«ሲቪል ዋር ቻንስ» የሚለው ቁጥር ዋና ከተማው የተያዘበት መንግሥት ለሁለት የመከፈል ዕድሉን በመቶኛ ያስቀምጣል። በተጨማሪ ሁከት ላይ ያለ ከተማ ባለ ቁጥር ዕድሉ በ5 ከፍ ይላል፣ በደስታ ላይ ያለ ከተማ ባለ ቁጥር በ5 ዝቅ ይላል። ለዘመነ መሳፍንት ከዚህ የተሻለ የተሠራለት ቅንብር የለም።

ለሸዋ 30፣ ለኢማሙ 70 ሰጠን። ለእንደራሴው 80 ጻፍንና ዘውዱ በእጁ ካለ 40 የሚቀንስ ሌላ መስመር ጨመርን። ራስ አሊ በሰኔ 1845 ዓ.ም. አይሻል ላይ ሲሸነፉ የየጁ ቤት የበላይነት አብሯቸው አከተመ፤ ቁጥሩ ያንን መምሰል አለበት።

«ሲቪል ዋር ሳይዝ» የሚባለውን የሰርቨር ቅንብርም አትርሱ። ከዚያ ያነሰ ከተማ ያለው መንግሥት አይከፈልም። ካርታችሁ ትንሽ ከሆነ ቁጥሩን አውርዱት፤ ካላወረዳችሁት ከላይ የጻፋችሁት ሁሉ ወረቀት ላይ ይቀራል።

8. ተራራውን ለመንግሥቱ አትቁጠሩለት

ይህ የወሎ ልጆች በሽታ ነው። ግሸን፣ መቅደላ፣ የአምባሰል ገደል፤ እነዚህ አምባዎች ራሳቸው ምሽግ ናቸው። እኔ መቅደላን በተራራ ላይ አድርጌ የመከላከል ጉርሻ አገኘሁ፣ ከዚያ «ኢማሙ በአምባ ይዋጋል» ብዬ ለመንግሥቱም የመከላከል ጉርሻ ጻፍኩ። አንዱን ነገር ሁለት ጊዜ ከፈልኩት። መሬት የሚሰጠው በ«ተሬይን» ፋይል ይቁም። መንግሥት መስጠት ያለበት ሰው የሚሰጠውን ነው፦ ግብር፣ ታዛዥነት፣ ቀለብ።

ያንኑ ስህተት በማዕረግ ደግመነዋል። የአምባሰል ጃንጥራርና የዋግ ሹም የየራሳቸው መንግሥት ይኑራቸው ብለን ስድስት አደረግናቸው። ስማቸው ያማረ፣ ቁጥራቸው ግን ከኢማሙ የማይለይ ሁለት መንግሥታት ሆኑ። መልሰን የገዢ ማዕረግ ብቻ አደረግናቸው። የተለየ ዕዳ የሌለው መንግሥት የተለየ መንግሥት አይደለም።

9. ኮምፒውተሩ ብቻውን ይጫወት

ሰው ከመጥራታችሁ በፊት ኤአዩን፣ ኮምፒውተሩ ራሱ የሚያጫውተውን ተጫዋች፣ አሰለፉት። በሰርቨሩ ላይ «ታይምአውት» ከዜሮ በታች 1 ሲደረግ ጨዋታው ያለ ሰው በራሱ ይሮጣል። «ኤአይፊል» የተጫዋቾችን ቁጥር፣ «ኤንድተርን» የመጨረሻውን ተራ ይወስናሉ፤ «ስኮርሎግ» ሲከፈት የየተራው ውጤት በፋይል ይመዘገባል። «ማፕሲድ» እና «ጌምሲድ» ላይ ቋሚ ቁጥር አስገቡ። ያለዚያ ዛሬና ነገ የምታወዳድሩት የተለያየ ካርታ ይሆናል።

ከዚያ መንግሥታቱን አለዋውጡ። በመጀመሪያው ዙር ኢማሙን ወሎ ላይ፣ በሁለተኛው ኢማሙን ሸዋ ላይ፣ በሦስተኛው ጎንደር ላይ። የትም ቢቀመጥ የሚያሸንፍ ከሆነ ችግሩ መንግሥቱ ነው፤ ወሎ ላይ የተቀመጠው ሁሉ የሚያሸንፍ ከሆነ ችግሩ ካርታው ነው። ኤአዩ በመካከል መንግሥት እንዳይለውጥ በ«ገቨርንመንትስ» ፋይል እያንዳንዱን መንግሥት ለአንድ ሕዝብ ብቻ በቅድመ ሁኔታ እሰሩት። ይህን ስትጨርሱ ፍቱትና እንደገና አሩጡ፤ ሁሉም ወደ አንዱ መንግሥት ከሮጡ ኤአዩ ያላያችሁትን ርካሽ ነገር አይቷል ማለት ነው።

መዝገቡን ስታነቡ የመጨረሻውን ነጥብ ብቻ አትዩ። ወንደር ነጥብ ስለሚያስገኝ ዘውዱን የያዘ ሁሉ ከእውነተኛ አቅሙ በላይ ይታያል። በሃምሳኛው፣ በመቶኛውና በመጨረሻው ተራ ላይ የከተማ ብዛትን ተመልከቱ።

በአንድ ሙከራ አንድ ቁጥር ብቻ ለውጡ። ክራር የሚቃኝ ሰው ከባቲ ወደ አምባሰል ሲዞር አንዱን ክር ነክቶ ያዳምጣል እንጂ ሁሉንም በአንዴ አያጠብቅም። ከለወጣችሁት መስመር በላይ በነጠላ ሰረዝና ነጥብ የሚጀምር ማስታወሻ ጻፉ፤ የላቲኑ እንጂ የእኛው ድርብ ሰረዝ አይደለም። ጨዋታው ያንን መስመር አያነበውም፣ እናንተ ግን ከወር በኋላ ለምን 12ን ወደ 11 እንዳወረዳችሁት ታስታውሳላችሁ። በየአሥር ተራውም ሴቭ እንዲያደርግ እዘዙት። መብራት የሚሄደው ሁልጊዜ መቶ አርባኛው ተራ ላይ ነው።

10. ከዚያ ሰው

ኤአይ አይከዳም፣ አያኮርፍም፣ ቡና ላይ አይማማልም። ሰው ሲገባ ሌላ ጨዋታ ነው። ተጫዋቾቹን ዕጣ አስወጡ፣ ማንም የአገሩን አይያዝ። እኛ ዘንድ የወልዲያው ልጅ ሸዋ ደረሰው፣ እኔ የጎንደር ዘውድ፣ የአክስቴ ልጅ ኢማሙን። ዘውዱን ይዤ ወታደር ማቆም ሲያቅተኝ «አብሽር፣ እኔ እጠብቅልሃለሁ» ብላ ፈረሰኛዋን ጎንደር አስገባች፤ ከሦስት ተራ በኋላ መንግሥቷን ወደ እንደራሴነት ለወጠች፣ እኔም በገዛ ከተማዬ እንግዳ ሆንኩ። ይህን በፋይሉ ውስጥ አልጻፍነውም።

ከጨዋታው በኋላ «ማን አሸነፈ?» ብላችሁ አትጠይቁ። «መቼ ነው የሰለቸህ?» ብላችሁ ጠይቁ፣ ተራውንም መዝግቡ። የዘውዱ ተጫዋች ሁልጊዜ ከሰማንያኛው ተራ በፊት የሚሰለች ከሆነ ዕዳው በዝቷል። በአሁኑ ቅጂያችን ያለው ያልተፈታ ነገር ይህ ነው፤ የዘውዱን የግብር ጣሪያ ከ50 ወደ 60 ከፍ አድርገን በመጪው እሑድ እንሞክራለን። የወልዲያው ልጅ ከአሁኑ ተቃውሟል።